አሌፍ የተባለው በሬ

የቀበሌው የፕሮፓጋንዳ ኃላፊ ጓድ ብርሃኑ በሬውን ያየው ማክሰኞ ዕለት ነው። በሬው ወሎ ሰፈር፣ ከአንድ ጣሊያን በተወረሰ ጋራዥ ግድግዳ ላይ፣ በነጭ ጠመኔ ተስሎ ሁለት ቀንዱን አቅንቶ ቆሟል። ከበሬው ቀጥሎ ቤት፣ ከቤቱ ቀጥሎ ግመል፣ ከግመሉ ቀጥሎ በር፣ ከበሩ ቀጥሎ ሁለት እጁን ወደ ሰማይ የዘረጋ ሰው አለ። ጓድ ብርሃኑ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ በሥዕሎቹ ፊት ሦስት ጊዜ ተመላለሰ። በሦስተኛው ፊቱ በራ።

«ደረስኩበት» አለ። «በሬው ባላባቱ ነው። ቤቱ ተወርሶበታል። ስለዚህ በግመል ሆኖ በምሥራቁ በር ይወጣና እጁን ለጠላት ይሰጣል። መልእክት ነው ይሄ።»

የአብዮት ጥበቃው መሪ ላጲሶ ጠመንጃውን ከአንዱ ትከሻ ወደ ሌላው አዛወረ። «ግመል ቦሌ ምን ይሠራል ጓድ? ለሚኮበልል ሰው አውሮፕላኑ እዚሁ አፍንጫው ሥር አይደል?»

«ምስጢር የሆነው ለዚህ ነዋ» አለ ብርሃኑ።

ጊዜው ሺህ ዘጠኝ መቶ ሰባ ሁለት ዓመተ ምሕረት ነው፤ አገር ምድሩ ፊደል ቁጠር የተባለበት ዓመት። ጋራዡ የመሠረተ ትምህርት ጣቢያ ሆኗል። ተማሪዎቹ ከአሮጌ መኪና በተነቀለ ወንበር ላይ ተደርድረው ይማራሉ፤ አውሮፕላን በጣራው ላይ ባለፈ ቁጥር አስተማሪው ጠመኔውን አየር ላይ ይዞ ድምፁ እስኪርቅ ይጠብቃል። ካሳዬ የጣቢያው አስተባባሪ ነው። ሃያ አምስት ዓመቱ ነው። ዩኒቨርሲቲ ገብቶ ታሪክ ተምሯል፤ ቀን ቀን አውሮፕላን ማረፊያው የጭነት ክፍል ውስጥ ሣጥን ይመዘግባል፤ ከአሥራ አንድ ሰዓት በኋላ ደግሞ ለአብዮቱ ጠመኔ ያድላል። በነገር ቶሎ አይፈርድም። ጓደኞቹ «ካሳዬ ዝናብ እየመታውም የደመናውን ወገን ሳይሰማ ወደ ጥላ አይሸሽም» እያሉ ይቀልዱበታል። ያን ማክሰኞም ብርሃኑ ሥዕሉን ሲፈታ ዳር ቆሞ፣ ለዚህ ሰው የሚነገረው ነገር ከየት ቢጀመር ይሻላል እያለ ያስብ ነበር። ሲያስብ ጊዜው አመለጠው።

ሥዕሉን የሳሉት አስተማሪው የኔታ ወልደጻድቅ ናቸው። ዕድሜያቸው ከስልሳ አልፏል። በልጅነታቸው ዳዊት ደግመው ቅኔ ቤት ደርሰዋል። የዳዊት መቶ አሥራ ስምንተኛው መዝሙር በሃያ ሁለት ክፍል እንደሚከፈል፣ በየክፍሉም ራስ ላይ አሌፍ፣ ቤት፣ ጋሜል፣ ዳሌጥ እየተባለ እስከ ታው እንደሚወርድ የደገመ ሁሉ ያውቃል። ልጁ ወልደጻድቅ አንድ ቀን መምህሩን «አሌፍ ምንድን ነው?» ብሎ ጠየቀ። መምህሩ «አሌፍ ኩርኩም ነው» ብለው በተግባር አሳዩት። ጥያቄው ከኩርኩሙ ጋር አርባ ዓመት ሙሉ ራሱ ውስጥ ተቀመጠ።

መልሱ የመጣው ከማይጠበቅ ቦታ ነው። የኔታ ጎልማሳ ሆነው አዲስ አበባ ሲገቡ በቦሌ መንገድ አንድ ከእስራኤል የመጣ የእርሻ ባለሙያ ግቢ ዘበኛ ሆኑ። ሰውየው ከሥራ ሲመለስ በረንዳው ላይ ተቀምጦ ያወራቸዋል። አንድ ቀን ስለ አሌፍ ጠየቁት፤ ሰውየው አልኮረኮማቸውም። በሬ ሳለላቸው። የዛሬ ሦስት ሺህና አራት ሺህ ዓመት ፊደል ሁሉ ሥዕል ነበር አላቸው፤ አሌፍ የበሬ ራስ፣ ቤት ቤት፣ ዳሌጥ የበር መዝጊያ፣ ሜም የውሃ ሞገድ፣ ዔ ዐይን፣ ፌ አፍ፣ ሬስ ራስ፣ ሳን ጥርስ። የኔታ ያን ቀን የግቢውን በር ሳይዘጉ አደሩ። በሺህ ዘጠኝ መቶ ስልሳ ስድስት ሁለቱ አገሮች ሲቆራረጡ ሰውየው ሻንጣውን ይዞ ሄደ። የኔታ ሥዕሎቹን ይዘው ቀሩ።

እነዚህን ሥዕሎች ወደ ጋራዡ ሲያመጧቸው ጉድ ተፈጠረ። ባለፈው ዙር ወድቀው የነበሩ ሰዎች በአንድ ወር ማንበብ ጀመሩ። ጠላ ሻጯ የሺአረግ ሁለት ጊዜ ወድቃለች። «በሬ አይቼ የማላውቅ ይመስል ዝም ብለው አ አ አ ሲሉኝ ከረሙ» አለች። «እኔ የማላየውን ነገር እንዴት ብዬ ልያዝ?» ቅመም የምትሸጠው ሸሪፋ ደግሞ የዔ ቀን ሳቀች። «ልጅ ሆኜ ቁርኣን ስቀራ ዐይን፣ ዐይን እያልኩ ስንት ዓመት ጮህኩ የኔታ። የሚያይ ዐይን መሆኑን የነገረኝ ሰው ቢኖር ቶሎ እጨርስ ነበር።»

ካሳዬ እንደ ልማዱ አብዛኛውን አምኖ ትንሹን በይደር አቆየው። የዕብራይስጡም የእኛም ፊደል ከአንድ አያት እንደሚወለዱ ተምሯል። ዐ ዛሬም ክብ ዐይን ነው። ሠ ዛሬም ጥርሱን ያሳያል። አ ተገልብጦ ቢታይ በሬ ለመሆን ብዙ አይቀረውም። በግመሉ ግን ሊቃውንቱም አልተስማሙም፤ ገ የተባለውን ፊደል ግመል ራሷ ብታየው ዘመዴ ነው አትልም። ይህን ለየኔታ ሲነግራቸው «ግመሏ ጠየቀችህ?» አሉት፤ ነገሩ በዚያው አለቀ።

ማክሰኞ ግን ብርሃኑ ቀልድ አልፈለገም። የኔታን ከሥዕሉ ፊት አቆማቸው።

«ጓድ መምህር፣ ይሄ ከየት የመጣ ነው?»

«ከዕብራውያን» አሉ የኔታ፣ አንድ ሰው በመጨረሻ ስለጠየቃቸው ደስ ብሏቸው።

በዚያ ዓመት በየስብሰባው በግራ እጅ ከሚወገዙት ነገሮች አንዱ ጽዮናዊነት ነው፤ ምን እንደሆነ በትክክል የሚያውቅ ባይኖርም ሲወገዝ ሁሉም እጁን ያነሳ ነበር። ብርሃኑ ፊቱ በደስታ ቀላ። ለሦስት ዓመት በቀበሌው ውስጥ ሲፈልገው የኖረ ጠላት በገዛ እግሩ መጥቶ ጠመኔ ይዞ ቆሞለታል። የኔታን የመለዋወጫ ዕቃ ማስቀመጫ በነበረችው ክፍል አስቆለፈባቸው። «ዓርብ ወደ ከፍተኛው ይተላለፋል» አለ። ከዚያ ወደ ካሳዬ ዞረ። «አንተ ታሪክ የተማርክ ነህ። እስከ ሐሙስ የሥዕሎቹን ፍች በጽሑፍ ታቀርባለህ። ቁርጥ ያለ ይሁን፤ በአንድ በኩል በሌላ በኩል የሚል ነገር አልፈልግም።»

ከቀበሌዎቹ በላይ ወዳለው ወደ ከፍተኛው የሄደ ሰው ምን እንደሚሆን ሰፈሩ ያውቃል። ቤተሰቡ ስንቅ ያመላልስለታል። አንድ ቀን ስንቁ «አያስፈልገውም» ተብሎ ይመለሳል፤ ከዚያ ወዲያ ለቅሶ መቀመጥም ክልክል ነው። የኔታ ቤተሰብ የላቸውም። ስንቅ ያቀበለቻቸው የሺአረግ ናት።

ካሳዬ ረቡዕ ምሳ ሰዓት ላይ ላጲሶን ለምኖ ገባ። የኔታ ባዶ የዘይት በርሜል ላይ ተቀምጠዋል።

«የኔታ፣ ነገ እንደገና ቢጠይቅዎ የማክሰኞውን ትተው ሥዕሉን ከራሴ አወጣሁት ይበሉ።»

«ከራሴ አላወጣሁትማ።»

«እሺ፣ ከዳዊት ነው ይበሉ።»

«በዳዊት ስሙ እንጂ ሥዕሉ የለም። ምነው ልጄ፣ የተማርክ ሰው አይደለህም እንዴ? ምንጭ ይደበቃል?»

«ምንጩ ያስገድልዎታል።»

የኔታ ፈርተዋል። «አንድ ጥያቄ አርባ ዓመት ይዤ ዞርኩ» አሉ። «መልሱን ካገኘሁ በኋላ እንደገና አላውቅም ልበል? ከጠየቁኝ እናገራለሁ። ካልጠየቁኝ ግን ዝም እላለሁ። ከዚህ በላይ አትለምነኝ።»

ካሳዬ ያን ቀን ከሥራ እንደወጣ የዩኒቨርሲቲ ደብተሮቹን ከሣጥን አወጣ። ውሸት መጻፍ አይሆንለትም፤ ሞክሮ ሁለት ገጽ ቀደደ። ሦስተኛውን ሊጽፍ ደብተሩን ሲገልጥ አንድ የረሳው ማስታወሻ አገኘ። ፊደል የሆኑት ሥዕሎች መጀመሪያ ከተገኙባቸው ቦታዎች አንዱ ሲና በረሃ ነው፤ ጻፏቸው ተብለው የሚገመቱትም ለፈርዖን የከበረ ድንጋይ የሚቆፍሩ የሴም ቋንቋ ተናጋሪ ሠራተኞች ናቸው። ካሳዬ «ሠራተኞች» የምትለውን ቃል ለረጅም ጊዜ ተመለከታት። እውነት አንዳንዴ ልብሷን ሳትቀይር እንኳ ለስብሰባ የምትሆንበት ቀን አለ።

ሐሙስ ኮሚቴው በብርሃኑ ቢሮ ተቀመጠ። ኮሚቴው ብርሃኑ፣ ላጲሶና ካሳዬ ናቸው። ካሳዬ ጽሑፉን ማንበብ ጀመረ።

«እነዚህ ምስሎች በሲና የማዕድን ጉድጓድ ውስጥ በጉልበታቸው ይሠሩ የነበሩ ሠራተኞች...»

«ቆይ» አለ ብርሃኑ። «ወዛደሮች?»

«እንደዚያ ማለት ይቻላል።»

«የማዕድኑ ባለቤት ማን ነበር?»

«ፈርዖን።»

«ፊውዳል» አለ ብርሃኑ፣ ብዕሩን አንስቶ እየጻፈ። «ቀጥል።»

ካሳዬ ቀጠለ። ማንበብ የማይችል ሰው ሥዕል ሲያይ እንደሚገባው ለማስረዳት የጭነት ክፍሉን ምሳሌ አምጥቷል። የሚሰበር ዕቃ ያለበት ሣጥን ላይ ብርጭቆ ይሳላል። ውሃ የማይወድ ሣጥን ላይ ጃንጥላ ይሳላል።

«ጃንጥላ የመኳንንት አይደለም እንዴ?»

«ዝናብ እንዳይነካው ነው ጓድ።»

«እውነቱን ነው» አለ ላጲሶ። ላጲሶ ጠመንጃ ከመያዙ በፊት አምስት ዓመት እዚያው ተሸካሚ ነበር። «ማናችንም አናነብም። ብርጭቆዋን ግን እናውቃታለን። እሷ ያለችበትን ሣጥን እንደ ሕፃን ነው የምናወርደው። ብርጭቆ ማለት ባላባት ነው ያለን ሰው የለም።»

ብርሃኑ ላጲሶን ገረመመው። የማክሰኞው ፍች እንዲህ በቀላሉ እንዲሞት አልፈለገም። «ይሁን። ግን ሽማግሌው ራሱ ይምጣና ከየት እንዳመጣው ለኮሚቴው ይናገር። አምጣው ላጲሶ።»

ላጲሶ ተነሳ። ካሳዬ የኔታ ሲጠየቁ ምን እንደሚሉ ያውቃል። በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳያስብ ተናገረ።

«ጓድ፣ ካልተማረ ሽማግሌ ምን ይሰማል? ሰውየው ማይም ነው። የሚያውቀው ነገር የለም።»

ቃሉ ከአፉ እንደወጣ ጆሮው ጋለ። ብርሃኑ ግን ፊቱ ተለወጠ፤ ቁጣ አልነበረም። መሳቢያውን ከፍቶ መዝገብ አወጣ።

ቀበሌው በከፍተኛው ፊት ቃል ገብቷል፤ በዚህ ዙር መቶ ሃያ ሰው ከመሃይምነት ነጻ ይወጣል ተብሎ በቀይ ቀለም ሰሌዳ ላይ ተጽፏል። መቶ ሃያ የሞላ ቀበሌ አርማ ይሸለማል። መዝገቡ ላይ ያሉት ግን መቶ አሥራ ዘጠኝ ናቸው። አንዱ ባለፈው ሳምንት ዘመዱ ጋ ናዝሬት ሄዶ ቀርቷል። ፈተናው ደግሞ እሑድ ነው።

«ማይም ነው አልክ?» አለ ብርሃኑ ቀስ ብሎ።

«በዘመናዊው ትምህርት ማለቴ...»

«ማይም ነው ካልክ አለቀ። አንተ የጣቢያው አስተባባሪ ነህ፤ ትፈርማለህ።» መዝገቡን ወደ ካሳዬ ገፋው። «ዘዴው የወዛደር ስለሆነ ከዛሬ ጀምሮ ተወርሷል፤ የሰፊው ሕዝብ ሀብት ነው። የማስተማሩን ሥራ እኔ እወስዳለሁ። ሽማግሌው ደግሞ በተማሪነት ይመዘገባል። ከተማረ ይፈታል። ካልተማረ...» አልጨረሰውም፤ እጁን ወደ ከፍተኛው አቅጣጫ ወረወረ።

ካሳዬ ፈረመ። ቅኔ የተቀኙት ሰው፣ ሃያ ሁለቱን ፊደል በስምም በሥዕልም የሚያውቁት ሰው፣ መቶ ሃያኛው መሃይም ሆኑ።

የኔታ ነገሩ ሲነገራቸው ከመታሰራቸው ይልቅ ይህ አሳመማቸው። «ምን አደረግሁህ ካሳዬ?» አሉ። «ጽዮናዊ ቢሉኝ ይሻለኝ ነበር። እሱ እንኳ ማንበብ ይችላል።»

እሑድ ጠዋት ከከፍተኛው ፈታኝ መጣች። አስመረት የምትባል፣ ወፍራም መነጽር ያደረገች፣ ከዚህ በፊት አራት ቀበሌ ፈትና የደከማት ሴት ናት። ተማሪዎቹ በተራ እየገቡ ከፊደል ሰሌዳ ያነባሉ፤ ከዚያም አንድ አንቀጽ። የሺአረግ ዘጠና ሁለት አገኘች። ስትወጣ ለካሳዬ በጆሮው «በሬውን አልጠራሁም፤ በሆዴ ነው የያዝኩት» አለችው።

የኔታ መጨረሻ ላይ ገቡ። ካሳዬ በሩ ሥር ቆሞ በዐይኑ ይለምናቸዋል። ያልጠየቁኝን አልናገርም ብለዋል፤ ችግሩ ፈተና ማለት መጠየቅ መሆኑ ነው።

አስመረት በእርሳሷ አ ላይ ነካች። «ይህ ምንድን ነው አባባ?»

የኔታ ካሳዬን አዩት። ከዚያ ፊደሉን አዩት። «አሌፍ» አሉ። «በሬ ነው።»

«ይህስ?»

«ቤት። በሩ በዚህ በኩል ነው።»

«በ ነው አባባ፣ በ በሉ። ይህስ?»

«ሜም፤ ውሃ ነው። በፊት ሞገድ ነበረው፤ ጊዜ አረጋው።»

አስመረት መነጽሯን አውልቃ ጠረገችና መልሳ አደረገች። የንባብ ወረቀቱን ሰጠቻቸው። የኔታ አንድ ገጹን ነጥቡን ሳይስቱ፣ እንደ ውዳሴ ማርያም በአንድ ትንፋሽ አወረዱትና በሁለተኛው መስመር ላይ ያለውን የዓረፍተ ነገር ስህተት ጭምር አስተካከሉላት። አስመረት ይህን ያህል ፈጣን ንባብ ሲገጥማት አንድ ነገር ብቻ ታሰባት። ከስማቸው ትይዩ እንዲህ ጻፈች፦ «ምንባቡን በቃሉ ሸምድዶታል። ፊደልን ከቤት እንስሳትና ከቤት ዕቃ ጋር ያደባልቃል። ሃምሳ ከመቶ። ማጠናከሪያ ያስፈልገዋል።»

ማለፊያው ሃምሳ ነበር። መቶ ሃያው ሞላ፤ ቀበሌው አርማውን ወሰደ፤ የኔታም ተፈቱ። አርማው ሲሰጥ ጓድ ብርሃኑ «በኮሚቴያችን ጥናት የተገኘ ወዛደራዊ የማስተማሪያ ዘዴ» በሚል ርዕስ አርባ ደቂቃ ተናገረ። የኔታ ከኋላ ተቀምጠው የምስክር ወረቀታቸውን ጭናቸው ላይ ዘርግተው ያያሉ። ውጤታቸው ከመቶ ሃያው ሰው ሁሉ የመጨረሻው ነው።

በማግሥቱ ጠዋት የጭነት ክፍሉ በር ላይ ካሳዬን ጠበቁት። በእጃቸው ማመልከቻ አለ፤ ጽሕፈቱ በማኅተም የታተመ ይመስላል። ለከፍተኛው ትምህርት ክፍል የተጻፈ ነው። አመልካቹ መቶ ከመቶ እንደሚገባው፣ አሌፍ በሬ ስለመሆኑም ምስክር ከነምንጩ ማቅረብ እንደሚችል ይገልጻል። «ዕብራውያን» የሚለው ቃል አምስት ጊዜ ተጽፏል።

«አንተ ነህ ማይም ያስባልከኝ፤ አንተው አድርስልኝ» አሉት።

ካሳዬ ተቀብሎ በኪሱ ከተተው። ቀኑን ሙሉ አሰላሰለ። እውነት የሳቸው ናት፤ ጥፋቱ የእሱ ነው፤ ማመልከቻ የማቅረብ መብትም አላቸው። ወረቀቱ ከፍተኛው ከደረሰ ግን እዚያ የሚያነበው ሰው ውጤት አስተካካይ አይሆንም። በመጨረሻ በሚቀጥለው ቀን እንደሚወስን ወሰነ።

የሚቀጥለው ቀን የማጠናከሪያው ትምህርት መጀመሪያ ነበር። ከስልሳ በታች ያገኙ ሁሉ በሳምንት ሁለት ቀን ይማራሉ፤ ጥሩ ያመጡትም ለማገዝ ይቀመጣሉ። አስተማሪው ጓድ ብርሃኑ ራሱ ነው። ካኪውን አስተኩሶ መጣ። በሬውን ሳለ፤ ውሻ መሰለ፤ የተቃወመ የለም። «በሬው ሰፊው አርሶ አደር ነው» አለ፤ በማክሰኞው ፍች ባላባት እንደነበር ያስታወሰው ሰው አልነበረም። ከዚያ ለ ላይ ደረሰ። ረጅም በትር ሳለ።

«ይህ ላሜድ ይባላል። በሬ የሚነዳበት በትር ነው። የጭቆና በትር። አብዮቱ ይህን በትር ሰብሮታል።»

ከኋላው ወንበር አንድ እጅ ወጣ። ካሳዬ የማን እንደሆነ ሳያይ አወቀ።

«ጓድ» አሉ የኔታ፣ ትሑት ተማሪ እንደሚጠይቅ አድርገው። «በትሩ እኮ አልተሰበረም።»

«ምን?»

«ይኸው ሙሉውን ነው የሳልከው። ደግሞም በሬ ካለ በትር አይጠፋም። አንዱ ቢሰበር ነጂው ሌላ ቆርጦ ይመጣል። እኔ የገበሬ ልጅ ነኝ፤ በሬው ግን ሲነዳ ማን እንደያዘው ዞሮ አያይም።»

ላጲሶ በሩ ላይ ሆኖ መሬቱን ማየት ጀመረ። የብርሃኑ እጅ ጠመኔውን እንደያዘ ቀረ፤ አንገቱ ላይ ያለው ሥር ተነሳ። ካሳዬ ኪሱ ውስጥ ያለችው ወረቀት ስትሞቀው ተሰማው። ሊናገር አፉን ከፈተ፤ እንደ ልማዱ ቃል ሲመርጥ የሺአረግ ቀደመችው።

«ውይ ጓድ፣ ምን ብለው ይሰሟቸዋል» አለች፤ ነጠላዋን እያስተካከለች። «ሃምሳ ያመጡ ሰው ናቸው እኮ።»

አንድ ሰው ሳቀ። ከዚያ ሁሉም ሳቀ፤ ላጲሶም ሳቀ። ብርሃኑ ወዲያና ወዲህ አየ፤ ሳቁ በማን ላይ እንደሆነ መዘነ፤ ለእሱ የሚስማማውን መረጠና እሱም ሳቀ።

«ሃምሳ» አለ አንገቱን እየነቀነቀ። «ፊደልን ከከብት ጋር የሚያደባልቅ ሰው። ቀስ ብሎ ይገባሃል ጓድ ወልደጻድቅ፣ ቀስ ብሎ ይገባሃል።» ወደ ሰሌዳው ዞሮ መ ጻፈ።

ትምህርቱ ሲያበቃ የኔታ ካሳዬን በሩ ላይ ያዙት። ፊታቸው ጠቁሯል።

«ሰማህ አይደል ምን እንዳለችኝ? በእኔ በሬ ዘጠና ሁለት ያመጣች ሴት። ማመልከቻዬ ምን ደረሰ?»

ካሳዬ እጁን ኪሱ ውስጥ ከተተ። ወረቀቷን በጣቱ አገኛት፤ ሁለት ቦታ አጠፋት፤ ከዚያም ደግሞ አጠፋት።

«እየታየ ነው የኔታ።»

«መቶ ባይሰጡኝ እንኳ እሷን መብለጥ አለብኝ።»

«እየታየ ነው» አለ ካሳዬ። በሚቀጥለው ሳምንትም ይህንኑ አላቸው፤ በዓመቱም።